ጀርመኖች በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ የማይተዉት የሰካራም አሳላፊ ጭውውት፤ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ምንትዋብ ዘኮሎኝ | ታኅሣሥ 24፣ ረፋድ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮሎኝ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። በፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ተረኛ ነበርኩ። እራት እንደተነሳ ተጧሪዎቹን በሙሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ክፍል አምጡ ተባልን፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያሉትንም፣ የራሳቸውን ስም የረሱትንም። ከዚያ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ተከፈተ። አንዲት አሮጊት እመቤት ብቻዋን እራት ትበላለች፤ አንድ ሽማግሌ አሳላፊ እየጠጣ ይሰክራል፤ ወለሉ ላይ በተነጠፈ የነብር ቆዳ ጭንቅላት እየተደናቀፈ ይንገዳገዳል። በቃ። ሃያ ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ የተጻፈ ትርጉም የለውም። ከተጧሪዎቹ አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አያውቁም። ነገር ግን አሳላፊው አፉን ከመክፈቱ በፊት እነሱ ቀድመውት ይናገራሉ! የልጇን ስም የማታስታውስ አንዲት እናት የአሳላፊውን ቃል አንድም ሳታዛንፍ ስትል ሰማኋት።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ወዳጆቿ ሁሉ የሞቱባት ሴት ባዶ ወንበር ከብባ ስትበላ ምን ያስቃል? ለዚያውም በመጦሪያ ቤት ውስጥ? ጀርመን ረጅም ጊዜ የኖራችሁ፣ እስቲ አስረዱኝ።

የመድረክ ሰው | ታኅሣሥ 24፣ ቀትር

እህቴ ምንትዋብ፣ ያየሽው «ዲነር ፎር ዋን» ይባላል፤ ጀርመኖች «ዘጠናኛው የልደት በዓል» የሚል ስምም ሰጥተውታል። አገር ቤት ሳለሁ በቲያትር ሥራ ላይ ስለነበርኩ ይህን ጭውውት በሙያ ዓይን ነው የማየው። ሥራው እንዴት እንደተገነባ ካስተዋልሽ ሳቁ ከየት እንደሚመነጭ ይገባሻል።

ወይዘሪት ሶፊ 90 ዓመት ሞልቷታል። እንደ ልማዷ አራት የቅርብ ወዳጆቿን ጋብዛለች፦ ሰር ቶቢን፣ አድሚራል ፎን ሽናይደርን፣ ሚስተር ፖምሮይን እና ሚስተር ዊንተርቦተምን። አራቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ጠረጴዛው ግን ለአምስት ሰው ተሰናድቷል። እመቤቲቱ ደረጃውን ወርዳ «ሁሉም መጡ?» ስትል አሳላፊው ጄምስ ዓይኑን ሳያሽ ሁሉም እየጠበቋት እንደሆነ ይነግራታል። ከዚያ በኋላ ውሸቱን ተሸክሞ እስከ መጨረሻው መጓዝ አለበት። እሷ ለእያንዳንዳቸው ጽዋ ስታነሳ የሚመልስላት ስለሌለ ጄምስ በየተራ እነሱን ሆኖ ይመልሳል፤ እነሱን ሆኖም ይጠጣል። ከሾርባው ጋር ሼሪ፣ ከዓሣው ጋር ነጭ ወይን፣ ከዶሮው ጋር ሻምፓኝ፣ ከፍራፍሬው ጋር ፖርት። አራት እንግዳ በአራት ዙር 16 ብርጭቆ ይሆናል፤ ሰር ቶቢ «ትንሽ ጨምርልኝ» እያለ የሚያስቀዳውን ሳይጨምር። መጨረሻ ላይ የሚጨልጠው የአበባ ማስቀመጫ ውኃ ደግሞ ለብቻው ነው።

አራቱን ሰዎች የሚለያቸው ድምፅና አካል ብቻ ነው። አድሚራሉ ተረከዝ ከተረከዝ አጋጭቶ «ስኮል!» (በስካንዲኔቪያ ጽዋ ሲነሳ የሚባል፣ «ለጤናችን» እንደማለት) ማለት አለበት። ጄምስ ዘንድሮ ይቅርልኝ ብሎ ይለማመጣል፤ እሷ ግን አትለቀውም። ሚስተር ዊንተርቦተም ከዓመት ዓመት ወጣት እየሆንሽ ነው እያለ ያሞግሳታል። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ እንግዳ ጥርት ብሎ ይታያል። በአራተኛው ዙር አራቱም ሰዎች እርስ በርሳቸው ተደባልቀው አንድ የተኮላተፈ ሰው ይሆናሉ። ይህን መሥራት ቀላል እንዳይመስልሽ። ስካርን በመድረክ ላይ የሚያበላሹት ብዙዎች ናቸው፤ ገና ሲጀምሩ ይሰክራሉ፣ ከዚያ የሚሄዱበት ያጣሉ። ይህ ሰው ግን በየብርጭቆው ልክ ነው የሚሰክረው። አንዱን ዙር ከሌላው ጋር አስተያይተሽ ብታዪ እግሩ፣ ምላሱ፣ ትከሻው በየተራ ነው የሚከዱት።

አሁን ወደ ነብሩ እንምጣ። ጄምስ ከመጠጥ መደርደሪያው ወደ ጠረጴዛው በተመላለሰ ቁጥር የነብሩ ጭንቅላት መንገዱ ላይ ነው። ጠቅላላ 11 ጊዜ ይደናቀፍበታል። ከሁለተኛው በኋላ ተመልካቹ ቀድሞ ያውቃል፤ ይጠብቃል። ደራሲ እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንዴት ታስቅበታለህ? አንድ ጊዜ ጄምስ ምንም ሳይነካው በሰላም ያልፋል፤ ከዚያም ዞር ብሎ ነብሩን በመገረም ያየዋል። አዳራሹ በመደናቀፉ ከሳቀው ይልቅ ባለመደናቀፉ የሳቀው ይበልጣል።

ነገረኛው ዘፍራንክፈርት | ታኅሣሥ 24፣ ቀትር

የመድረክ ሰው፣ ሰካራም ሲወድቅ ለማየት ይህ ሁሉ ትንታኔ? ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቁጭ ብለህ ብታይ በነጻ ነው።

ቀልዱን ትቼ፣ እኔ የማውቀው የዋዜማውን ጣጣ ነው። በየዓመቱ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይጋብዙኛል። ለእኛ ታኅሣሥ 22 ነው፤ ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም። እነሱ ራክሌት የሚሉትን አይብ በየምጣዱ እያቀለጡ፣ ሥጋ እየጠበሱ፣ ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ እየገመጡ ነው። እርሳስ አቅልጠው ውኃ ውስጥ እየጨመሩ ቅርጹን አይተው የዓመቱን ዕድል ይገምቱ ነበር፤ እርሳሱ መርዝ ነው ተብሎ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሸጡ ስለቀረ አሁን በሰም ይገምታሉ። እኔ ድንች ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ያ ጭውውት ሲጀመር ግን ሁሉም ሹካውን አስቀምጦ ጸጥ ይላል፤ ለጸሎት እንኳን እንደዚያ ጸጥ ሲሉ አላየሁም።

የታሪክ ወዳጅ | ታኅሣሥ 24፣ ከሰዓት በኋላ

እህታችን የጠየቀችው ሌላው ጉዳይ ሳይመለስ እንዳይቀር፤ ለምን በእንግሊዝኛ ሆነ? ይህ ራሱ ጥሩ ታሪክ ነው።

ጭውውቱን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጻፈው ሎሪ ዋይሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ፍሬዲ ፍሪንተን ደግሞ ከግሪምስቢ የወጣ፣ በሰካራም ገጸ ባሕርይ የታወቀ ኮሜዲያን ነበር፤ የተጣመመች ሲጋራ በከንፈሩ ይዞ ሰካራም መሆን መለያው ነበረች። «ዲነር ፎር ዋን»ን ብላክፑል በተባለችው የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ መጫወት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በተጫወተ ቁጥር ለደራሲው ይከፍል ስለነበር በ1950ዎቹ መብቱን ጠቅልሎ ገዛው። ከገበያ አንጻር ብልህ እርምጃ ነበረች።

በ1962 ፔተር ፍራንከንፌልድ የተባለው እውቅ የጀርመን የመዝናኛ ሰውና ዳይሬክተሩ ሃይንዝ ዱንክሃዘ ለቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው አዲስ ነገር ፍለጋ ወደ ብላክፑል ተጓዙ፤ ጭውውቱን አይተው ወደዱት። ፍሪንተን ለመምጣት ተስማማ፤ ግን በጀርመንኛ አልሠራም አለ። ጦርነቱ ካበቃ ገና 20 ዓመት እንኳን አለመሙላቱን አስቡ። እነሱም በእንግሊዝኛ ይሁን አሉ። በ1963 ሐምቡርግ ውስጥ፣ በቤሰንቢንደርሆፍ ቲያትር ቤት፣ ተመልካች ባለበት ተቀረጸ። የተከፈለው 4,150 ማርክ ነበር። ወይዘሪት ሶፊን የሆነችው ሜይ ዋርደን ያን ጊዜ 72 ዓመቷ ነው፤ 18 ዓመት ጨምራ ነው የተጫወተችው።

ሳይተረጎም እንዴት ገባቸው ለሚለው፣ መጀመሪያ ላይ ሃይንዝ ፒፐር የተባለው አስተዋዋቂ ወጥቶ ታሪኩን በጀርመንኛ ያስረዳል፤ ሁለት ቁልፍ አባባሎችንም ለተመልካቹ ያስተምራል። ጄምስ አዲስ ነገር ሊቀዳ ሲል «ልክ እንደ አምናው ነው፣ ወይዘሪት ሶፊ?» ይላታል፤ እሷም «ልክ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ጄምስ!» ትለዋለች። ይህችን የያዘ ሌላውን ከጄምስ እግር ያነበዋል።

መጀመሪያ በዘፈቀደ ነበር የሚያሳዩት፤ ፕሮግራም ሲያጥር መሙያ ዓይነት። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ተተክሎ የቀረው ከ1972 ጀምሮ ነው። ልብ በሉ፣ ፍሪንተን የሞተው በ1968 ነው። አንድ አገር በሙሉ በየዓመቱ እሱን ሳያይ ዘመን እንደማይለውጥ ሳያውቅ ነው ያረፈው።

ሰሎሞን ዘለንደን | ታኅሣሥ 24፣ ማምሻ

የታሪክ ወዳጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝና እዚህ ለንደን ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ነገር ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ከእንግሊዞቹ የሥራ ባልደረቦቼ ሦስቱን ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱ ሰምተውት አያውቁም፤ ሦስተኛው «ያ የጀርመኖቹ ነገር ነው?» አለኝ። የራሳቸው ሥራ ሆኖ ሳለ!

የታሪክ ወዳጅ | ታኅሣሥ 24፣ ማምሻ

ለሰሎሞን፦ አትገረም። በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ለመላው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በታኅሣሥ 31 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስካይ አርትስ በተባለው ጣቢያ። ጀርመኖች ከቀረጹት ከ55 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለእንግሊዞች ይህ በየባሕር ዳርቻው ቲያትር ቤት ከሚታዩ ብዙ የሰካራም ጭውውቶች አንዱ ነበር፤ ማንም ካሜራ አልደቀነበትም። ፍሪንተንን አገሩ ያወቀችው በሌላ ሥራ ነው፤ በ1960ዎቹ ከተዋናይቷ ቶራ ኸርድ ጋር ባልና ሚስት ሆኖ በሠራው በቢቢሲ ተከታታይ ኮሜዲ።

ዳዊት ዘኦስሎ | ታኅሣሥ 25፣ ጠዋት

የጀርመን ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱብን እንጂ! ኖርዌይ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አለ፤ እዚህ ግን የሚታየው በዘመን መለወጫ ሳይሆን በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ዋዜማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ምሽት። ስሙም «እመቤቲቱና አሳላፊው» እንደማለት ነው። ባለቤቴ ኖርዌያዊት ናት፤ የገናውን ዛፍ የሚያስጌጡት እሱን እያዩ ነው። ዴንማርኮች ደግሞ ከ1980 ጀምረው በ1985 አንድ ዓመት ዘለሉት፤ ጣቢያው ላይ የወረደው የአቤቱታ ናዳ ተዉት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልዘለሉም። አውስትራሊያም ድረስ ኤስ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጣቢያ በየዓመቱ ያሳየዋል። ስዊዘርላንዶች የራሳቸው አጠር ያለ ቅጂ አላቸው፤ 11 ደቂቃ ነው፤ ስካሩም ለዘብ ያለ ነው።

ጽጌ ዘጎተንበርግ | ታኅሣሥ 25፣ ረፋድ

እዚህ ስዊድን ውስጥ ስካርን ያሞግሳል ተብሎ ለዓመታት እንዳይታይ ተደርጎ ነበር። ስዊድኖች በመጠጥ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፤ መንግሥታቸው ነው አልኮሉን የሚሸጠው።

ግን እኔ ልናገር የመጣሁት ሌላ ነው። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ቤይሩት ውስጥ ለዓመታት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። የመድረክ ሰው ነብሩንና እግሩን አየ፤ የታሪክ ወዳጅ ክፍያውን ቆጠረ። ጄምስን የሠራተኛ ዓይን ይዞ ያየው የለም። ይህ ሰው ራሱ ሽማግሌ ነው። አምስት ሰው የሚበላበትን ጠረጴዛ አሰናድቷል፣ አብስሏል መሰለኝ፣ ያሳልፋል፣ ያነሳል። በዚያ ላይ አራት ሰው ሆኖ ማውራት አለበት። እመቤቲቱ የፈለገችው እራት ብቻ አይደለም፤ የጠፉት ወዳጆቿ በሕይወት እንዳሉ የሚያስመስልላት ሰው ነው። ዘንድሮ ይቅርልኝ ሲላት እንኳን «እኔን ለማስደሰት» አለችው። እኔም የእመቤቴን ቡና ለሌለች እህቷ ጭምር ቀድቼ አቀርብ ነበር፤ እህቷ አገር ጥላ ከሄደች ዘመናት አልፈዋል። ካልቀዳሁ ቀኑን ሙሉ ፊት አይሰጠኝም። ስለዚህ ምንትዋብ ያልሳቅሽው ልክ ነሽ፤ ምክንያትሽ ግን ከእኔ ይለያል። አንቺ ለእሷ አዘንሽ፤ እኔ የማዝነው ለእሱ ነው።

የመድረክ ሰው | ታኅሣሥ 25፣ ቀትር

እህቴ ጽጌ፣ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። ይህን ጭውውት ከዚህ ወገን የተረጎመ ሰው በጀርመን ጋዜጣም አላየሁም። ግን አንድ ነገር ልከራከርሽ። ጄምስ ተጨቋኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚስቅ አይገኝም ነበር። ልብ ብለሽ እዪው፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ቤቱን የሚመራው እሱ ነው። ወይኑን ከብርጭቆው ውጭ ያፈስሳል፤ ዶሮውን ከሳህኑ ያስፈነጥራል፤ ሰር ቶቢን ተገን አድርጎ ለራሱ ያስጨምራል፤ የአበባውን ውኃ ጠጥቶ «ያቺን ድመት እገድላታለሁ!» ብሎ ይጮኻል። አንዲትም የተግሣጽ ቃል አይሰማም። እሷ ከወንበሯ አትነሳም፤ ያለ እሱ አንድ ጉርሻ አትጎርስም፤ አንድ ወዳጅ የላትም። ማን ነው ማንን የያዘው?

መጨረሻውን ደግሞ እዪ። እመቤቲቱ ደክሞኛልና ወደ መኝታዬ ልሂድ ትላለች። እሱ ክንዱን ይሰጣታል፤ ደረጃው ሥር ደርሶ ለመጨረሻ ጊዜ «ልክ እንደ አምናው ነው?» ይላታል፤ እሷም «ልክ እንደ ሁልጊዜው ነው!» ትለዋለች። እሱም «እንግዲህ የተቻለኝን ሁሉ አደርጋለሁ» ብሎ ወደ ተመልካቹ ዓይኑን ይጠቅሳል። ሕፃናት ይህን አያስተውሉም፤ አዋቂዎቹ ያስተውላሉ፤ በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁሉም ይስቃሉ። ከዚህች ቅጽበት በኋላ አሳላፊና እመቤት ብቻ ናቸው ብሎ መደምደም ይከብዳል።

ጽጌ ዘጎተንበርግ | ታኅሣሥ 25፣ ቀትር

ወንድሜ፣ ያ መጨረሻ እኮ የኔን ነገር አጠናከረው እንጂ አላፈረሰውም። እሱንም እንደ ሥራ ዝርዝሩ ቆጠረችበት!

ነገረኛው ዘፍራንክፈርት | ታኅሣሥ 25፣ ቀትር

ጽጌ አሸነፈች። ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ይግባኝ የለም።

ወለላ ዘበርሊን | ታኅሣሥ 25፣ ከሰዓት በኋላ

ክርክሩን ከዳር ሆኜ እየተከታተልኩ ነበር። እኔ እዚሁ ያደግሁ ነኝና የልጅነቴ አካል ነው። አባቴ እሱ ሲታይ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነበረው፦ «እነዚህ ሰዎች እኮ የጽዋ ማኅበር ነው የያዙት፤ አባላቱ አልቀው ሙሴውና አንዲት እናት ብቻ ቀርተው ማኅበሩን ማፍረስ አቅቷቸው።» እኔም ሳስበው ሳቁና ሐዘኑ ሳይለያዩ ነው የቀረቡት፤ አንዱን መምረጥ ያለብን አይመስለኝም።

የሚገርመኝ ግን በየዓመቱ መደጋገሙን እንደ እንቆቅልሽ መቁጠራችን ነው። ጭውውቱ የሚያወራው ስለ መደጋገም ነው። ሴትዮዋ ከዓመት ዓመት አንዲት ነገር ሳትለወጥ እንዲደገምላት ትፈልጋለች፤ ተመልካቹም እንደዚያው። ታሪኩ ስለ ልደት ነው፤ ከዘመን መለወጫ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ሚስተር ፖምሮይ ጽዋ ሲነሳለት «መልካም አዲስ ዓመት» ማለቱ ነው። ሆኖም በዓመቱ የመጨረሻ ምሽት ላይ እንደ ቁልፍና ጋን ገጠመ፤ ሁሉም ሰው ነገ ሊለወጥ ነው በሚልበት ሌሊት የማይለወጥ ነገር ማየት ስለሚያስደስት። እ.ኤ.አ. በ1999 በኮምፒውተር ቀለም ቀብተው አቅርበውት ነበር፤ ሰዉ ግን ጥቁርና ነጩን አልለቅም አለ። ነብሩ በቀለም ሲታይ ምንም አልጨመረም።

አባባሉም ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ አገሩን ወርሷል። የጋዜጣ ርእስ ነው፤ የስብሰባ ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዩሮ ቀውስ ሲጦዝ የያኔዋን የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክልን ወይዘሪት ሶፊ፣ የያኔውን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚን ጄምስ አድርገው ኤ.አር.ዲ. በተባለው የጀርመን ቴሌቪዥን ያቀረቡት ምጸት ነበር፤ በየስብሰባው ያንኑ አጀንዳ ያንኑ እራት። ፖለቲካውን ለማያውቅ ሰው እንኳን ሁለቱን አይቶ መግባቱ አይቀርም።

አራት ኪሎ | ታኅሣሥ 25፣ ማምሻ

ከአዲስ አበባ ሆኜ እያነበብኳችሁ ነው፤ ከዩቲዩብ ፈልጌም አየሁት። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ሰልችቶኝ ነበር፤ «ስኮል» ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ቤተሰቡን ጠራሁ።

የቆጨኝ ነገር አለ። እኛ የበዓል ጭውውት ያጣን ሕዝብ አይደለንም። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፤ እነዚህን ስንጠብቅ እኮ ነው ዶሮ ወጡ የሚበርደው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ አንዱን መርጦ በየዓመቱ በተወሰነ ሰዓት ለማሳየት የሞከረ ጣቢያ ግን እኔ አላስታውስም። ሁልጊዜ አዲስ፣ ሁልጊዜ ለጥድፊያ የተቀረጸ፤ ከበዓሉ ማግስት ማንም አያነሳውም።

የመድረክ ሰው | ታኅሣሥ 25፣ ማታ

አራት ኪሎ፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ግን ጣቢያ ቢያዝዝ ይሆናል ብለህ አታስብ። ጀርመኖችም አልወሰኑትም፤ ለዓመታት በሜዳ ላይ ሲንከባለል ቆይቶ ነው ቦታውን ያገኘው። ደግሞም ሁሉም ሥራ ለዚህ አይሆንም። የጊዜው ወሬ ላይ የቆመ ቀልድ፣ የኑሮ ውድነትም ይሁን የባለሥልጣን አነጋገር፣ በአምስተኛው ዓመት ማብራሪያ ይፈልጋል። «ዲነር ፎር ዋን» ውስጥ የጊዜ ወሬ የለም። ረሃብ፣ ጥማት፣ እግር፣ ምንጣፍ። ከእኛዎቹ እንዲህ የተራቆተ ሥራ ፈልገህ ካገኘህ ንገረኝ፤ ከልመነህ ፊት ብቻ የሚመጣውን ሳቅ አስብ፤ እሱ ዝም ባለ ጊዜ ነበር ሰው የሚወድቀው።

ምንትዋብ ዘኮሎኝ | ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ደግሜ አየሁት። አሁንም ለእሷ ነው ያዘንኩት፤ ግን የድመቷ ቦታ ላይ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ለመጦሪያው ኃላፊ የጽጌን ሐሳብ ብነግራት «ሃምሳ ዓመት አይቼው ስለ ጄምስ ደመወዝ አስቤ አላውቅም» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቤት ሆኜ ከልጆቼ ጋር ላየው ብፈልግ በስንት ሰዓት ነው?

ወለላ ዘበርሊን | ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት

ምንትዋብዬ፣ ሰዓት አትጨነቂ። በዋዜማው ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት የክፍለ አገር ጣቢያዎቹ እየተቀባበሉ ያሳዩታል፤ ኤን.ዲ.አር. ላይ ቢያመልጥሽ ዳብልዩ.ዲ.አር. ላይ ታገኚዋለሽ። በየአካባቢው ቋንቋ የተሠሩም አሉ፤ የኮሎኝ ዘዬ የሚናገር ጄምስ ጭምር። ለልጆች ግን ዋናውን አስቀድሚ።

ሄኖክ ዘሽቱትጋርት | ታኅሣሥ 26፣ ረፋድ

ይህ ክር ሐሳብ ሰጠኝ። ታኅሣሥ 29 የኮሚዩኒቲያችን የገና ዝግጅት አለ፤ ጭውውት አቅርቡ ተብለናል። ይህንኑ በአማርኛ ብንሠራውስ? እትዬ ሶፊ፣ አሳላፊው ጀማነህ። አራቱ እንግዶች አንድ ግራዝማች፣ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የሰፈር አዝማሪ። መጠጡ ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ በመጨረሻ አረቄ። የመድረክ ሰው፣ ምክርዎን ይለግሱን።

የመድረክ ሰው | ታኅሣሥ 26፣ ቀትር

ሄኖክ፣ መልካም ነው። ጥቂት ነገር ልንገርህ። አዝማሪውን አውጣው፤ መሰንቆ የያዘ ሰው በድምፅ ብቻ ሲመሰል ከሌሎቹ ጎልቶ ሚዛኑን ያበላሻል። የባሕር ኃይሉን መኮንን ያዝ፤ ተረከዝ ማጋጨቱ ያለ እሱ አይሆንም። አረቄ መጨረሻ ላይ መሆኑ ትክክል ነው፤ ጠጁን ግን ከጠላው አስቀድም እንዳትል፤ ስካሩ ደረጃውን ጠብቆ መውጣት አለበት። የሚጠጣው ሻይና የብርቱካን ጭማቂ ይሁን፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ 16 ብርጭቆ ፈሳሽ መጠጣትም በራሱ ችግር ነውና ብርጭቆው ትንሽ፣ የሚቀዳው ለከንፈር ያህል ይሁን። ከሁሉ በላይ መንገዱን ለካ፤ ከመደርደሪያው እስከ ጠረጴዛው ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በየትኛው እግር እንደምትደናቀፍ። ይህ ሳይለካ መድረክ የወጣ ሰው እውነት ወድቆ ጥርሱን ያጣል።

ጽጌ ዘጎተንበርግ | ታኅሣሥ 26፣ ቀትር

ጀማነህን ሴት አድርጉት። ጀማነሽ ትሁን። እኔ ብቀርብ እሠራው ነበር፤ በመጨረሻ ደመወዟን እንድትጠይቅ ብቻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩላት።

ሄኖክ ዘሽቱትጋርት | ታኅሣሥ 26፣ ከሰዓት በኋላ

ጽጌ፣ ተቀብለናል፤ ጀማነሽ ትሆናለች፤ ደመወዙም ይጠየቃል። አንድ ችግር ብቻ ቀረን። ነብር የለንም። እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችው የበግ አጎዛ አለ፤ እሱ አይሆንም?

የመድረክ ሰው | ታኅሣሥ 26፣ ከሰዓት በኋላ

አጎዛ ጭንቅላት የለውም ሄኖክ። የምትደናቀፈው ጭንቅላቱ ላይ ነው። ከሥሩ አንድ ትራስ ጠቅልላችሁ ስፉበት፤ ዓይንም አድርጉለት።

ነገረኛው ዘፍራንክፈርት | ታኅሣሥ 26፣ ከሰዓት በኋላ

ባቡር ቆርጫለሁ። ጾሙም ተፈትቶ ነው፤ ዶሮውን እውነተኛ አድርጉት፤ ከሳህኑ ሲፈናጠር የምቀልበው እኔ ነኝ።